የአርቪድ ጆሮ

ማርሊስ የቡና ኩባያዎች የደረደረችበትን ትሪ ይዛ የጋራዡን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ባሏ አርቪድ ክቡን የስለት መሳያ ድንጋይ በሌባ ጣቱ አንጠልጥሎ በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ መታ አደረገው። ድንጋዩ «ዱፍ» አለ። ደህና ድንጋይ እንደዚያ አይልም። ገበያ ወጥቶ ሸክላ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ደህናው ሲመቱት እንደ ቃጭል ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ እዚያው ውስጡ ይቀራል። ትሪው በእጇ ላይ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። አርቪድ ድንጋዩን ሩብ ያህል አዙሮ ደግሞ መታው። ያው ነው። ከዚያ ቀና ብሎ በዙሪያው የቆሙትን ስድስት ወንዶች ፊት በየተራ ቃኘና፣ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ፣ ድንጋዩ ደህና መሆኑን፣ እሱንም እነሱንም ቀብሮ እንደሚኖር ተናገረ። ወንዶቹ ሳቁ። ድንጋዩን የተቀበለው የማርሊስ ታናሽ ወንድም ሜልቪን ነበር። በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ሥር ሸጎጠውና ከትሪው ላይ ቡናውን አነሳ።

በሮክፎርድ ከተማ ቅዳሜ ጧት ከቤቱ መውጣት የፈለገ ጡረተኛ ሰበብ አያጣም፤ አንዱ ዓሣ ይላል፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈሳል ይላል። አሮጌ የመሳያ ማሽን የሚሰበስቡት ግን ሰበብም አያስፈልጋቸው፤ ሚስቶቻቸው ተስፋ ቆርጠውባቸዋል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አርቪድ ሊንድክቪስት ጋራዥ ይሰበሰባሉ። አርቪድ ራሱ ሃያ ስድስት ማሽን አለው። ግራና ቀኝ አንዳንድ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ሆዳቸው የሰፋ የብረት ሞተሮች ናቸው፤ ትልልቆቹ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ከወለል አይነሱም። ሰው ሞቶ ልጆቹ የቤቱን ዕቃ አውጥተው በሚሸጡበት ቀን አርቪድ ሳሎኑን ዞር ብሎ ሳያይ በቀጥታ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። አንዱን በሃያ ዶላር፣ አንዱን በአርባ፣ አንዱን ደግሞ «ብቻ ከዚህ አንሳልን» ተብሎ በነፃ አምጥቷል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ ኩሽኔታውን ይቀይራል፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን የድሮ ገመድ አውጥቶ አዲስ ይስብለታል፣ የሠሪውን ስም የያዘችውን የነሐስ ሰሌዳ በጥርስ ብሩሽ ይወለውላል። ሲጨርስ ያስነሳዋል፣ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ሁሉም ሰዓታቸውን ይይዛሉ። የዛሬ ማሽን ሲያጠፉት ወዲያው ይቆማል። የድሮው ግን ኩሽኔታው ከተስማማው ኤሌክትሪኩ ከተቆረጠ በኋላም አምስት ስድስት ደቂቃ በራሱ ይሽከረከራል። በዚያ ጋራዥ የተመዘገበው ትልቁ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል።

ማሽኑ ሲገኝ ድንጋዩ አብሮ ይገኛል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። አስተዋይ ሰው አሮጌውን ድንጋይ ጥሎ አዲስ ይገዛል። እነዚህ ግን ማሽን ያለ ድንጋዩ ምኑን ማሽን ሆነ ባዮች ናቸው፤ በጎኑ የተለጠፈችው ወረቀት ሳትላጥ የተገኘ የስድሳ ዓመት ድንጋይ ከማሽኑ እኩል ይከበራል። ድንጋይ ደግሞ አንድ ቀን ወድቆ ይሆናል፣ ምድር ቤት ውስጥ እርጥበት ሲጠጣ ኖሮ ይሆናል፣ ውስጡ ተሰንጥቆ ላዩ ደህና መስሎ ይሆናል። በደቂቃ ሦስት ሺህ ተኩል ጊዜ ሲዞር የተሰነጠቀ ድንጋይ ይፈነዳል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ምን እንደመታው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ማንም ቢሆን ያገኘውን ድንጋይ አርቪድ ሳያዳምጥለት ማሽን ላይ አይገጥምም። አርባ አንድ ዓመት በመሣሪያ ፋብሪካ ስለት ሲስል የኖረ ሰው ነው፤ ከሁለት መቶ ድንጋይ መሀል በፀጉር ልክ የተሰነጠቀውን አንዱን በጆሮው ለይቶ አውጥቷል እየተባለ ይወራል። ፋብሪካው ተዘግቶ ሕንፃው ሲፈርስ የጡረታው ግማሽ አብሮ ፈርሷል፤ የቀረችለት ይህች ጆሮው ናት። ደህና ነው ካለ ደህና ነው። በጠመኔ ነጭ መስቀል ካደረገበት ደግሞ ባለቤቱ ሳይከራከር እዚያው በመዶሻ ይሰብረዋል።

ማርሊስ ቡናውን አደለች። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ እንዴት አልሰማም? ማሞቂያው ያጓራል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ እነሱም ቢሆኑ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጩኸት የጨረሱ ናቸው። ዋናው ነገር ግን ሌላ እንደሆነ ኩባያ ስታቀብል ገባት። ወንዶቹ ድንጋዩን አያዳምጡም፤ የሚያዩት የአርቪድን ፊት ነው። አርቪድ ደግሞ የሚያየው የእነሱን ፊት ነው። እሷ ሠላሳ ዓመት በመዘምራን መሀል ቆማ የዘመረች ሴት ናት፣ ያን ድምፅ ቅዳሜ ቅዳሜ በወጥ ቤቱ መስኮት ስትሰማ ኖራለች፤ ደህናውንና የሞተውን ትለያለች። ባሏ እሷን መስማት ከተወ መቆየቱንም ታውቃለች። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የሞተርና የወንድ ድምፅ ይቀራል። ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሲያወራ ምንም የጎደለው አይመስልም፤ የጠፉት ወፎቹ፣ የበሩ ደወልና ማርሊስ ናቸው። ስልክ ከሆነማ የማንም ድምፅ አይገባውም፣ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። ለጆሮ ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዛለት ሁለቱንም ጊዜ ማሽን ሊያይ ሄዷል። ሚስቱን የማይሰማ ባል በዚያ ከተማ ብርቅ አይደለምና ለማንም አላወራችውም። ድንጋይም አይሰማም ብላ ግን አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

«ቆይ ሜልቪን» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ዘጋችው። የሰውን ገበና አደባባይ ማውጣት ከስርቆት አይለይም እየተባሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ አያቶቻቸው ከስዊድን ይዘው የመጡት ይህንንና ዓሣ በጨው መዘፍዘፍን ነው። ባል ሲሳሳት ሚስት የምትናገረው በር ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ያውም ከተናገረች። ያን ጆሮ በስድስት ወንድ ፊት ወስዳ ምን ልትተውለት ነው? ሆድ ይፍጀው አለች። ሜልቪን ወደ መኪናው ሲሄድ ለብቻው እነግረዋለሁ ብላ ኮቷን ደርባ ወጣች፤ አርቪድ ግን እጁን በአማቹ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘው። ሜልቪን እሑድ በረዶ የጋገረው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ እንደሚሄድ፣ በረዶውን የሚሰረስርበት ስለት ስለደነዘ በዚህ ድንጋይ ዛሬውኑ እንደሚስለው እየተናገረ ሞተሩን አስነሳ። በመስኮቱ እጁን አውለበለበላት። እሷም አውለበለበችለት። ከዚህ ወንድም ሌላ የላትም።

ምሳ ላይ ሞከረች። በክሬም የተጋገረ ድንችና ከትናንት የተረፈ ሥጋ አቅርባ፣ አፏን እንዲያይ ብላ ብርሃኑ ወዳለበት ወንበር ዞራ ተቀመጠችና የሜልቪን ድንጋይ ድምፁ እንዳላማራት ነገረችው። አርቪድ በረዶው ገና ወፍራም ስለሆነ ለሜልቪን የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ሥጋውን ቆረጠ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት። ድንቹ ጥሩ ሆኗል አለ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ላስቲክ አንድ ጥጉ ተልጦ ነበርና እሱን በጣቷ እያሻሸች ዝም አለች፤ እሱም ዝም አለ። ይህ ዝምታ ከሁለት ዓመት ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይበላ ነበር፤ እሷ ግን ዕድሜ ነው፣ ትዳር ሲያረጅ እንዲህ ነው ትላለች። ምሳውን ጨርሶ አንድ የነሐስ ሰሌዳ ሊወለውል ጋዜጣ ሲዘረጋ ለሜልቪን ስልክ ደወለች። አሥር ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳም። ጋራዥ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከገና ጀምሮ እሷ ጋ የቀረውን የሜልቪንን ጎድጓዳ ሳህን ከቁም ሣጥኑ አወጣች፣ ለባሏ ሳህኑን ከፍ አድርጋ አሳየችውና መኪናውን አስነሳች።

የሜልቪን ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። መንገዱ በጨው የቀለጠ ጥቁር በረዶ ነበረበት፤ ድልድዩ ላይ ከፊቷ የሚሄደው የጭነት መኪና ያንኑ ጭቃ በመስታወቷ ላይ ረጨባት፤ ልትቀድመው ፈልጋ ፈራች። ስትደርስ የጋራዡ በር ግማሽ ድረስ ተነስቶ ነበር፤ የማሽኑም ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ጎንበስ ብላ ገባች። ወንድሟ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በማሽኑ ትክክል ፊት ለፊት ቆሟል። ማሽን ሲነሳ የመጀመሪያውን ደቂቃ ወደ ጎን ዞር ብሎ መቆም የሁሉም ደንብ ነው፤ አርቪድ ያዳመጠው ድንጋይ ከሆነ ግን ማንም ወደ ጎን አይልም። በግድግዳው በኩል ዞራ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ምነው እህት ዓለም፣ ምን ሆነሻል?»

«ከፊቱ ዞር በል። ና ወዲህ።»

«ምን...»

«ና ነው የምልህ ሜልቪን።»

በእጅጌው ጎትታ በሩ አጠገብ እስካለው አሮጌ ፍሪጅ ድረስ ወሰደችው። ማሽኑ አልቆመም። ኩሽኔታውን በእጁ የገጠመለት አርቪድ ነው፤ አምስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ይዞራል እያለ ሜልቪን በየቤቱ ሲጎርርበት ኖሯል። አሁን ያንን አምስት ደቂቃ ከአርባ ሁለቱም ከፍሪጁ ጋር ተለጥፈው ቆመው ጠበቁት። ማርሊስ የወንድሟን እጅጌ አልለቀቀችም፤ ልጅ ሳለ የባቡሩን ሐዲድ ስታሻግረው የምትይዘው እንደዚያ ነበር። አርቪድ ልኳት እንደመጣች፣ ድንጋዩ ተለዋውጦበት የሌላ ሰው ድንጋይ እንደሰጠው ነገረችው። ሜልቪን ሳቀ። አርቪድ ድንጋይ ተለዋወጠበት ከምትዪኝ ስምህ ተለዋወጠ ብትዪኝ ይቀለኛል አላት። አልሳቀችም። እሱም ቀስ በቀስ ሳቁን ተወ። ድንጋዩ እየዞረ፣ እየዞረ፣ በጎኑ ያለችው የወረቀት ምልክት መጀመሪያ እንደ ቀለበት፣ በኋላ እንደ ነጠብጣብ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀት ሆና እስክትታይ ድረስ ከፍሪጁ አልራቁም።

ሲቆም ሜልቪን ብሎኑን ፈትቶ ድንጋዩን አወጣው። ጣቱ ላይ አንጠለጠለና በመዶሻ እጀታ መታ አደረገው። ሬዲዮም ማሞቂያም አልነበረም። አዙሮ መታው። አሁንም አዙሮ መታው። ከዚያ እህቱን አያት።

«አርቪድ ይሄን ሰምቶ ነው ደህና ነው ያለው?»

ማርሊስ ወለሉን አየች። ሜልቪን ስሟን ጠራ።

«አይሰማም» አለች። ቃሉን ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሜልቪን የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳና ጥግ ላይ ያሉትን የሌሎቹን ሁለት ማሽኖቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ ፈትቶ መታቸው። ጮኹ። አራቱም ጮኹ። የጮኹት በዕድል እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ለማንም እንደማይናገር ማለላት፤ አማቹን አርባ ዓመት ያውቀዋል፣ ይህ ነገር ከተወራ ሰውየው ከቤት አይወጣም። ድንጋዩን በዚያው ጋዜጣ መልሶ ጠቅልሎ ሰጣትና በሩ ድረስ ሸኛት።

«ሌሎቹስ ግን እህቴ?» አላት።

እውነቱን ለመናገር ሌሎቹን አላሰበችም ነበር። ከጧት ጀምሮ ያሰበችው ስለ ወንድሟና ስለ ባሏ ብቻ ነው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን እስክታዞር ድረስ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ ለመቁጠር ሞከረችና ተወችው። አርቪድ ጋ የሚመጡት እነዚያ ስድስቱ ብቻ አይደሉም፤ ከገጠር፣ ከዊስኮንሲን ድንበር፣ ከሁለት ሰዓት መንገድ ድንጋይ በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሚመጡ አሉ። ለእያንዳንዳቸው ቡና አቅርባለች።

አርቪድ ወጥ ቤት ውስጥ ያንኑ የነሐስ ሰሌዳ ሲወለውል ደረሰች። ጋዜጣውን ፈትታ ድንጋዩን ከፊቱ አስቀመጠችው። ምልክቷን አይቶ ወዲያው አወቀው፤ ሜልቪን አልፈለገውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ድንጋዩን በጣቷ አንጠልጥላ በእንጨት ማማሰያዋ መታ አደረገችው። አርቪድ ፊቷን አየ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ደግማ መታችው። መለስ ስትል ወንበሩ ላይ ወደ ጎን አጋድሎ ፊቷን ሊያይ ሲሞክር አገኘችው።

«እኔን አትየኝ። ምን አለ? ንገረኝ።»

ሰሌዳውን አስቀመጠ፣ ብሩሹን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አልሰማሁም» አለ።

ሁለት ዓመት እንዳለፈው በራሱ አንደበት ነገራት። መጀመሪያ ሰሞን ድንጋዩን ወደ ጆሮው ጠጋ ያደርግ ነበር፤ ሰው እንዳይነቃበት ያንን ተወ። ከዚያ ጣቱ ላይ በሚሰማው ንዝረት ለመለየት ሞከረ፣ እሱም ከዳው። ኋላ ላይ የሰዎቹን ፊት ማንበብ ጀመረ፤ አንዱ እንኳ ቅንድቡን ካላነሳ ደህና ነው ይላል። ሁሉንም ደህና ነው ካለ ደግሞ መጠርጠሩ ስለማይቀር ከአሥር አንዱን በግምት መስቀል ያደርግበታል። ያልተሰነጠቀ ድንጋይ አሰብሯል፣ የተሰነጠቀ አሳልፏል። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ ከፍ ያለ ነበር፤ ደንቆሮ የራሱን ድምፅ አይለካም።

«ለምን አልተናገርክም?» አለችው፤ አፏን እያሳየችው፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ቅዳሜ ማን ይመጣ ነበር?»

ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም ትታ ከግድግዳው ላይ ስልኩን አነሳችና ስማቸውን ንገረኝ አለችው።

አርቪድ ሰዎቹን የሚያስታውሰው በማሽናቸው ነው። ባለ ሰፊ እግሩ፣ አረንጓዴው፣ ከወፍጮ ቤት የተገኘው እያለ ይጀምርና ከዚያ የሰውየውን ስም ያገኘዋል። ማርሊስ የቤተ ክርስቲያኑን የስልክ መጽሐፍና የከተማውን ይዛ ተቀመጠች፤ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ፊቷን እያየ። የመጀመሪያው ቤት አልነበረም፤ ፍሎሪዳ ልጁ ጋ ክረምቱን ሊያሳልፍ ሄዷል። ሁለተኛው መሳቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው፣ አሁኑኑ ወርጄ እፈታዋለሁ ብሎ ዘጋ። ሦስተኛው ማሽኑን ከነድንጋዩ በሰኔው የአሮጌ ማሽኖች ገበያ ለአንድ የአዮዋ ሰው ሸጦታል፤ ስሙን አልጠየቀውም፣ ቀይ መኪና ነበረው ብቻ። መጀመሪያ ላይ ማርሊስ «አርቪድ ይጠራጠራል፣ ለማንኛውም አዲስ ድንጋይ ግዙ» እያለች ታድበሰብስ ነበር። አራተኛው እንዲያ ከሆነ አምጥቼ ደግሜ ላሰማው ሲላት ግን ጆሮው ጠፍቷል ብላ ቁርጡን ነገረችው። ከዚያ በኋላ ለሁሉም እንዲያ አለች። ያን ቃል በተናገረች ቁጥር አርቪድ ከከንፈሯ ያነበዋል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀጣዩን ስም ይጠራል። ውጪ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መሸ፤ የመንገዱ መብራት በረዶው ላይ በራ።

«ቨርን ስኩግን ተዪው» አለ አርቪድ። «ከፋሲካ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ጠግቧል።»

«አንተ ያሳለፍከው ድንጋይ ቤቱ አለ ወይስ የለም?»

«አለ። ትልቁ። መጋቢት ላይ ነው የሰጠሁት።»

ደወለች። ስኩጎች ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻቸው ላይ ነው የሚኖሩት፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም ሌላ ነው፣ ስለዚህ ከተያዩ ቆይተዋል። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ዶሪን ናት። ማርሊስ ለሌሎቹ ያለችውን እስክትጨርስ ሳታቋርጥ አዳመጠቻት።

«ይሄን ነገር ባታነሺብኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ዶሪን።

ሚያዝያ ላይ ነው የፈነዳው። የቨርንን የቀኝ ዓይን ወስዶ የጉንጩን አጥንት ሰብሮታል፤ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቷል። ለጠየቃቸው ሁሉ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው ብለዋል። እንዲህ በሉ ያለው ራሱ ቨርን ነው። አርቪድ እንዳይሰማ፣ ቢሰማ ጸጸቱ ይገድለዋል፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ በጣም ተጭኜው ነው እንጂ አርቪድ ደህና ነው ካለ ድንጋዩ ደህና ነበር ይላል፤ ዛሬም የሚለው ይህንኑ ነው። ዶሪን ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም።

«እኔ ግን ስብርባሪውን የለቀምኩት እኔ ነኝ ማርሊስ። አዲስ ስብራት ውስጡ ንጹህ ነው። የዚያ ግማሹ ጠቁሯል፤ የቆየ ስንጥቅ ነው። ለቨርን አልነገርኩትም። ምን ይጠቅመዋል?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አሥር ወር ሙሉ አንዲት ሴት ይህን ይዛ ላም ስታልብ፣ ዳቦ ስትጋግር ኖራለች፤ አርቪድ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሎ ጠግቧል እያለ ያማቸዋል። ማርሊስ ፊቷን ልትቆጣጠረው ሞከረች። ሁለት ዓመት ፊት በማንበብ የኖረ ሰው ግን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፤ ተነስቶ ቆመ።

«ሞተ?» አለ።

አልሞተም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ስልኩን ሳታወርድ ጣቷን አንስታ ከቀኝ ዓይኗ ሥር አደረገች። አርቪድ ጣቷን አተኩሮ አየው። መልሶ መቀመጥ የፈለገ ይመስል ወንበሩን ያዘ፤ ነገር ግን አልተቀመጠም።

«በሰኔው ገበያ በስተቀኙ ቆሜ እጄን ዘርግቼለት ነበር» አለ፣ ቤቱን የሚሞላ ድምፅ አውጥቶ። «ጥቁር መነጽር አድርጎ ጥሎኝ አለፈ። አላየኝም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ኮርቷል ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁበት።»

ድምፁ በስልኩ አልፎ እዚያ ማዶ ተሰማ። ማን ነው የሚል የወንድ ድምፅ ከዶሪን ጀርባ መጣ፤ የወንበር መጎተት፣ ዶሪን ዝቅ ባለ ድምፅ ስትለምን፣ ከዚያ የእግር ኮቴ። ዶሪን ተመለሰች።

«ቨርን አርቪድን ስጡኝ ይላል» አለች።

ማርሊስ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ወደ ባሏ ዘረጋችው። አይሰማም ማለት ትችል ነበር። ቃሉን ከቀትር ጀምሮ ስትለው ነው የዋለችው፤ ለቨርን ግን ማለት አቃታት። አርቪድ ስልኩን አየው፣ እሷን አየ፣ ተቀበለና ጆሮው ላይ አደረገው። ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወለቀ። «ቨርን» አለ። ማርሊስ ከቆመችበት የሚሰማት ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነበር፤ ቃል አይለይም። ቨርን ብዙ ተናገረ። አንዳንዴ ያቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። አርቪድ በየመሀሉ «አዎ» ይላል፤ ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ሲያወሩ እንደሚያደርገው አንገቱን ይነቀንቃል። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚያነበው ፊት የለም። አንድ ጊዜ «ልክ ነህ» አለ። ጉርምርምታው ሲያበቃ ከንፈሩ ለብቻው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ የሚመልሰው ነገር እንዳለበት አውቆ ምን እንደሆነ ጠፍቶበት ነበር። ትንሽ ጠበቀና ስልኩን መለሰላት።

«ምን አለኝ?» ብሎ ጠየቃት።

ማርሊስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ወሰደችው። መስመሩ ተዘግቷል።

«አልሰማሁም» አለችው፣ ጮክ ብላ።